የቪዲዮ ጌም ከሕዝብ ካዝና ድርሻ ይገባዋል ወይ?

በምሕጻሩ ኤንኢኤ ተብሎ የሚታወቀው የአሜሪካ ብሔራዊ የኪነ ጥበብ ድጋፍ ተቋም በሜይ 2011 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለቀጣዩ የበጀት ዓመት የድጎማ መመሪያ ሲያወጣ የአንዱን ዘርፍ ስም ቀየረ። እስከዚያ ድረስ «ኪነ ጥበብ በሬዲዮና በቴሌቪዥን» ይባል የነበረው ዘርፍ «ኪነ ጥበብ በመገናኛ ብዙኃን» ተባለ፤ በኢንተርኔትና በሞባይል ስልክ የሚቀርቡ ሥራዎች፣ ከእነርሱም ጋር ዲጂታል ጌሞች፣ ከ10,000 እስከ 200,000 ዶላር ለሚደርስ ድጋፍ ማመልከት እንደሚችሉ ተገለጸ። ዜናው ከተሰማ በኋላ በርካታ የጌም ድረ ገጾች የአሜሪካ መንግሥት የቪዲዮ ጌምን በይፋ ጥበብ ብሎ እንደተቀበለው አድርገው አስተጋቡት። ተጫዋቾቹ ጮቤ ረገጡ፤ የመንግሥት ወጪ የሚያንገበግባቸው ደግሞ ግብር ከፋዩ ለልጆች መጫወቻ ሊከፍል ነው ብለው ተቆጡ።

ሁለቱም ወገኖች የሰሙት ያልተባለውን ነው። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በሴፕቴምበር 1965 በፈረሙት ሕግ የተቋቋመው ይህ መሥሪያ ቤት ሥራው የቀረቡለትን ማመልከቻዎች ከየሙያው በተውጣጡ ገምጋሚዎች አስመርምሮ ብቁ ለሆኑት ገንዘብ መስጠት እንጂ የትኛው የሥራ ዓይነት ጥበብ እንደሆነና እንዳልሆነ ብያኔ መስጠት አይደለም። በ2011 የተደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወረፋው ላይ መቆም የማይፈቀድላቸው የነበሩ ሥራዎች እንዲቆሙ ተፈቀደላቸው። ይህን ልዩነት አጥብቄ የምይዘው ጌም ጥበብ ነው ወይ የሚለው ክርክርና ጌም የሕዝብ ገንዘብ ይገባዋል ወይ የሚለው ክርክር እንደ አንድ ጉዳይ ሲቆጠሩ ሁለቱም ስለሚበላሹ ነው።

የመጀመሪያው ክርክር በእኔ እምነት ያለቀለት ነው። በአሜሪካ ከፊልም ሐያሲዎች ሁሉ ስመ ጥር የነበረው ሮጀር ኢበርት በኤፕሪል 2010 የቪዲዮ ጌም መቼም ቢሆን ጥበብ ሊሆን አይችልም ብሎ ሲጽፍ በሺህ የሚቆጠር ተቃውሞ ወረደበት፤ ከጥቂት ወራት በኋላም እምነቱን ሳይቀይር፣ ያልተጫወተውን ነገር መተቸት እንዳልነበረበት ጻፈ። መከራከሪያው ግን እንዲሁ የሚናቅ አልነበረም። ጌም ተጫዋቹ በየእርምጃው እንዲመርጥ ያደርጋል፣ ከባድ ልብ ወለድ ወይም ፊልም ግን በደራሲው ሥልጣን ወደ አንድ ፍጻሜ የሚመራ ነው፣ ስለዚህ ምርጫው በተጫዋቹ እጅ ከገባ ደራሲ የለም የሚል ነው።

ይህን መከራከሪያ አዝማሪ ቤት አምሽቶ ለሚያውቅ ሰው ማሳመን ይከብዳል። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ስንኙን ይሰጣል፣ አዝማሪው በማሲንቆው ተቀብሎ ያንቆረቁረዋል፤ ግጥሙ የእንግዳው፣ ዜማው የአዝማሪው፣ ጨዋታው የቤቱ ሁሉ ነው። እንግዳው ገብቶበታልና ጥበብነቱ ቀረ የሚል ሰው አልገጠመኝም፤ ምክንያቱም የትኛውን ስንኝ ወዲያው እንደሚቀበል፣ የትኛውን አዙሮ ወደ ሌላው እንግዳ እንደሚወረውር፣ በየትኛው ቅኝት እንደሚይዘው የሚያውቀው ባለሙያው ነው። ጌም ሠሪውም ተጫዋቹ ሊመርጥ የሚችለውን ሁሉ አስቀድሞ ያሰናዳና እያንዳንዱ ምርጫ ምን እንደሚያስከፍል የወሰነ ሰው ነው።

የምርጫውን ዋጋ በደንብ ያሳየኝ ዋርሶ የሚገኘው 11 ቢት ስቱዲዮስ በ2014 ያወጣው «ዲስ ዋር ኦቭ ማይን» ነው። መነሻው በ1990ዎቹ የቦስኒያ ዋና ከተማ የሳራየቮ ከበባ ሲሆን፣ ተጫዋቹ የሚመራቸው ሰዎች ወታደሮች ሳይሆኑ በፈረሰ ቤት የተጠለሉ ሲቪሎች ናቸው። ቀን አልሞ ተኳሾች ስላሉ ከቤት አይወጣም፤ ምድጃ ይጠገናል፣ የተገኘው ይበሰላል፣ የታመመ ይተኛል። ሌሊት አንዱ ከረጢቱን ይዞ ምግብና መድኃኒት ፍለጋ ይወጣል። ከሚሄድባቸው ቤቶች በአንዱ ሁለት አዛውንት ባልና ሚስት ይኖራሉ፤ ማቀዝቀዣቸው ውስጥ ምግብ አለ፣ መድኃኒትም አላቸው፣ ለመከላከል ግን አቅም የላቸውም። ሽማግሌው እየተከተለ ይለምናል። ጣት የሚጫነው አንድ ቁልፍ ብቻ ነው፤ የተወሰደው ምግብ በቤት ያለውን በሽተኛ ያድናል፤ የዘረፈው ሰው ግን በማግስቱ አንገቱን ደፍቶ ይውላል፣ ጓደኞቹም ያደረገውን እያነሡ ያዝናሉ። ፊልም ሌላ ሰው ሲዘርፍ ያሳየኛል፤ እዚህ የዘረፍኩት እኔ ነኝ። የፖላንድ መንግሥት በ2020 ይህን ጌም ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በውዴታ ከሚነበቡ ሥራዎች ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ መወሰኑ ስለዚህ አላስገረመኝም።

ሕጉም ወደዚያው ሄዷል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 27 ቀን 2011 ካሊፎርኒያ ዓመፅ የበዛባቸው ጌሞች ለአካለ መጠን ላልደረሱ እንዳይሸጡ ያወጣችውን ሕግ በሰባት ድምፅ ለሁለት ሲሽር፣ ጌም እንደ መጽሐፍ፣ እንደ ቴአትርና እንደ ፊልም ሐሳብ የሚተላለፍበት መንገድ በመሆኑ ሐሳብን የመግለጽ ነጻነት ጥበቃ እንደሚገባው የውሳኔውን ሐተታ የጻፉት ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ አስፍረዋል። ስካሊያ ወግ አጥባቂ እንጂ ለጌም ፍቅር የነበራቸው ሰው አልነበሩም፤ ውሳኔው ክብደት የሚያገኘውም ለዚህ ይመስለኛል።

በቀጣዩ ዓመት ዋሽንግተን የሚገኘው የስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ኪነ ጥበብ ሙዚየም 80 ጌሞችን ያካተተ ዐውደ ርእይ ከማርች እስከ ሴፕቴምበር አሳየ። ጌሞቹ በሕዝብ ድምፅ የተመረጡ ሲሆን፣ አምስቱን ጎብኚው ራሱ ይጫወታቸው ነበር። ከአምስቱ አንዱ በ2009 የወጣው «ፍላወር» ነው። ተጫዋቹ ነፋስ ነው። ጆይስቲኩን ሲያዘነብል አንዲት የአበባ ቅጠል ታንሳፍፋለች፤ ቅጠሏ የነካቻቸው ያልፈኩ አበቦች እየፈኩ አንድ አንድ ቅጠል ይሰጧታል፣ የደረቀው ሣር ይለመልማል፣ ከብዙ ቆይታ በኋላ ቀለም ያለው ረጅም ጅረት አየሩ ላይ ይፈስሳል። ጠላት የለም፣ ነጥብ የለም፣ አንድ ቃል አይነገርም። እዚያ በሄድኩበት ቀን ልጆቹ ቶሎ ቶሎ ሲያበሩት አዋቂዎቹ ግን ሣሩ ላይ ዝቅ ብለው ቀስ ሲሉ አስተውያለሁ፤ ያው አንድ ሥራ ለየሰዉ የተለየ ፍጥነት ይሰጣል። ሙዚየሙ በ2013 «ፍላወር»ን ከቋሚ ስብስቡ ውስጥ አስገባው። የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየምም በኖቬምበር 2012 «ፓክ ማን»ንና «ቴትሪስ»ን ጨምሮ 14 ጌሞችን ወስዷል።

እንግዲህ ጥበብ ነው እንበል። ከዚያ ግን ገንዘብ ይገባዋል ማለት አይከተልም፤ ብዙ ጌም ወዳጆች የሚዘሉት እርምጃ ይኸ ነው። «ግራንድ ቴፍት ኦቶ 5» በሴፕቴምበር 2013 ለገበያ ሲቀርብ በሦስት ቀን ውስጥ አንድ ቢሊዮን ዶላር ሸጧል። ኤንኢኤ ለመላው አሜሪካ፣ ለቴአትሩም ለሙዚቃውም ለዳንሱም ለሥዕሉም፣ በ2024 የተመደበለት 207 ሚሊዮን ዶላር ነው። እንዲህ ያለ ገበያ ያለው ዘርፍ ከዚያች ትንሽ ማሰሮ ይቀዳ ማለት መጀመሪያ ሲሰሙት ነውር ይመስላል። ነገር ግን ገበያው የሚከፍለው ለዘርፉ ሳይሆን ለተወሰነ ዓይነት ሥራ ነው፤ የሕዝብ ገንዘብ ጥያቄ የሚነሳውም ገበያው ዞር ብሎ ለማያያቸው ጌሞች ነው።

ለዚህ ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ የሚሻለው «ዋልደን» ነው። የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ መምህርት ትሬሲ ፉለርተን የመራችው ቡድን አሜሪካዊው ጸሐፊ ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ ከጁላይ 1845 ጀምሮ በዋልደን ሐይቅ ዳር ብቻውን የኖረበትን ሕይወት ወደ ጌም ለመቀየር አሰበ። ኤንኢኤ በ2012 ለዚህ ሥራ 40,000 ዶላር ሰጠ፤ ጌሙ ተጠናቅቆ የወጣው በጁላይ 4 ቀን 2017 ነው። ተጫዋቹ ባቄላ ይዘራል፣ ዓሣ ያጠምዳል፣ ማገዶ ይለቅማል፣ ጎጆውን ይጨርሳል፣ ልብሱን ይጠግናል፤ እነዚህን ቸል ካለ ይደክማል። እዚህ ድረስ ከሌሎች የመትረፍ ጌሞች አይለይም። ልዩነቱ ሌት ተቀን ሲያከማች ለዋለ ተጫዋች የሚሆነው ነው፤ የጫካው ቀለም እየደበዘዘ ይሄዳል። ደምቆ የሚመለሰው ሥራውን አቁሞ ሲያነብ፣ የወፍና የአውሬ ድምፅ ሲያደምጥ፣ ብቻውን ሲቀመጥ ነው። ሌሎች ጌሞች ብዙ የሰበሰበውን ይሸልማሉ፤ ይህ ግን የቶሮን ሐሳብ ማለትም ከሚበቃ በላይ መልፋት ራስን እንደሚያሳጣ በንግግር ሳይሆን በጨዋታው ሕግ ያስተምራል። አንድ ባለሀብት ይህን ሐሳብ ቀርቦለት «ፈጣሪ ይርዳችሁ» ከማለት ያለፈ ምን ያደርግ እንደነበር መገመት አይከብድም።

ነገር ግን ገንዘቡ ከሌላ ሰው ድርሻ ተቀንሶ ነው የመጣው። ዘርፉ ለአዲስ መጦች ሲከፈት ማሰሮው አልሰፋም፤ በ2012 የመጀመሪያው ዙር ድልድል ሲታወቅ፣ ለብዙ ዓመታት ሲደጎሙ የኖሩ የሕዝብ ቴሌቪዥን የኪነ ጥበብ ዝግጅቶች ድርሻቸው በእጅጉ ቀንሶ አገኙት። በዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቡና ስንጠጣ አገር ቤት ሳሉ ቴአትር ይሠሩ ለነበሩ አንድ አዛውንት ይህን ሳጫውታቸው ደስ አላላቸውም። «እኔ ኦፔራውን በቴሌቪዥን የማየው ቲኬቱን መግዛት ስለማልችል ነው። ከኔ ቀንሰው ነው እንግዲህ ለጌሙ የሰጡት?» አሉኝ። «ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፤ ግን ቴሌቪዥን የማይከፍተው ልጅስ ድርሻው የት አለ?» አልኳቸው። «ልጁማ ስልኩ አለው» ብለው ስኒያቸውን አነሡ። መልሳቸው የዋዛ አይደለም። ስልኩ ውስጥ ያለው ግን ልጁን ለማስታወቂያና ለክፍያ የሚያጠምድ ጌም ነው፤ የሕዝብ ገንዘብ ካልገባበት እዚያ ስልክ ላይ ሌላ ዓይነት ጌም ሊመጣ የሚችልበት መንገድ ጠባብ ነው። ያም ሆኖ የእርሳቸውን ኦፔራ ነጥቆ መስጠትን አልደግፍም፤ አዲስ ዘርፍ ሲከፈት አዲስ ገንዘብ ካልተጨመረ ድሃ ከድሃ እንዲሻማ ማድረግ ነው።

ከዚህ የሚብሰው እንከን ደግሞ ማን ማመልከት ይችላል የሚለው ነው። ኤንኢኤ ለኩባንያ አይሰጥም፤ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች፣ የመንግሥት አካላትና እውቅና ያላቸው የነባር ሕዝቦች አስተዳደሮች ብቻ ናቸው የሚያመለክቱት፣ አመልካቹም በአብዛኛው ከድጎማው የማያንስ ገንዘብ ከሌላ ምንጭ ማምጣት አለበት። ለግለሰብ የሚሰጠው ድጋፍ በ1980ዎቹ መጨረሻ በጥቂት አወዛጋቢ ፎቶግራፎች ሰበብ በተነሳው ፖለቲካዊ ጸብ ምክንያት ቀረ፤ በ1996 ምክር ቤቱ የተቋሙን በጀት ከ162 ሚሊዮን ወደ 99 ሚሊዮን ዶላር ሲያወርደው ከሥነ ጽሑፍ ድጋፍና ከጥቂት የክብር ሽልማቶች በቀር የግለሰብ በሩ ተዘግቶ ነበር። የጌምን ሙያ ወደፊት የገፉት ብዙ ሥራዎች ግን የአንድ ወይም የሁለት ሰው እጅ ሥራዎች ናቸው። በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ከሥራ በኋላ እቤቱ ምድር ቤት ተቀምጦ የስደተኛን ሕይወት የሚመለከት ጌም የሚሠራ ወጣት በኩባንያ ስም ቢያመለክት ትርፍ ፈላጊ ነህ ይባላል፣ በራሱ ስም ቢያመለክት ግለሰብ ነህ ይባላል። «ዋልደን»ን ያህል ግሩም ሥራ ድጎማ ያገኘው ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ከጀርባው ስለነበረ ጭምር ነው። በ2011 የተሰማው እልልታ ይህን የማመልከቻ ቅጽ ያነበበ አይመስልም።

አውሮፓውያን ነገሩን ከሌላ ወገን ነው የያዙት። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መንግሥት ኩባንያን መደጎሙ ውድድርን ያዛባል ተብሎ ይከለከላል፤ ባህል ግን ከክልከላው ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ፈረንሳይ ለጌም ሠሪዎች የግብር ቅናሽ ለመስጠት ስትነሳ ጌም ባህል መሆኑን ማስረዳት ነበረባት፤ የኅብረቱ ኮሚሽንም በዲሴምበር 2007 ባህላዊ መስፈርት የሚያሟሉ ጌሞች እንዲጠቀሙ ፈቀደ። ብሪታንያ በ2014 ተመሳሳይ ፈቃድ ስታገኝ አንድ ጌም ብሪታንያዊ ለመባል ከ31 ነጥብ 16 ማምጣት እንዳለበት ደነገገች፤ ታሪኩ የት ነው፣ ገጸ ባሕርያቱ እነማን ናቸው፣ ሠሪዎቹ የየት አገር ሰዎች ናቸው እየተባለ ይቆጠራል። ፈላስፎች ሊጨርሱት ያልቻሉትን ክርክር የግብር ሠራተኞች በነጥብ ጨረሱት ማለት ነው። ዘዴው ኢንዱስትሪውን እንዳሳደገ አልክድም፤ ነገር ግን የግብር ቅናሽ ብዙ ላወጣ ብዙ ስለሚመልስ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ያለዚያም ይሠራ የነበረው ትልቁ ኩባንያ ነው። ለ«ዋልደን» ዓይነቱ ሥራ የፈረንሳዩ የሲኒማ ማዕከል ፕሮጀክቶችን እያየ በቀጥታ የሚሰጠው ድጋፍ ይሻላል ባይ ነኝ።

ስለ መጠበቅም አንድ ነገር ልጨምር፤ ሰው ሲከራከር ይህን ይረሳዋል። የቪዲዮ ጌም ታሪክ ላይ የሚሠራ አንድ የአሜሪካ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡ ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ በገበያ አይገኙም። ካሴቱ ይበላሻል፣ መሣሪያው ይጠፋል፣ ባለመብቱ ኩባንያ ይከስራል። ቤተ መጻሕፍት እነዚህን ጌሞች ለተመራማሪዎች በኢንተርኔት እንዲያሳዩ ይፈቀድላቸው የሚለውን ጥያቄ ደግሞ የአሜሪካ የቅጂ መብት ጽሕፈት ቤት በኦክቶበር 2024 ሳይቀበለው ቀረ። አዲስ ጌም መደጎም ያጣላል ከተባለ እንኳ፣ የተሠራውን ማቆየት የመንግሥት ሥራ መሆኑ የሚያከራክር አይመስለኝም። በሜይ 2025 ግን ኤንኢኤ ራሱ ቀድሞ የፈቀዳቸውን ብዙ ድጎማዎች በኢሜይል ሰረዘ፤ የፕሬዚዳንቱ የበጀት ሐሳብም ተቋሙ ጨርሶ እንዲዘጋ ጠየቀ። ለጌም የተከፈተው በር ሊዘጋ የተቃረበው ከነቤቱ ነው።

አገር ቤትን ሳስብ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በአዲስ አበባ የመንግሥትና የጌም ግንኙነት ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ትምህርት ቤት አጠገብ የተከፈቱ ፕሌይስቴሽን ቤቶች ከጫትና ከሺሻ ቤቶች ጋር ተቆጥረው ታሸጉ የሚለው ዜና ነው። ይህን የወላጅ ስጋት አላቃልለውም። በአንጻሩ ቄኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት ከአሳዳጇ የምታመልጥ ዶሮን የሚያሳየውን «ኩኩሉ»ን ሠርቷል፣ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቷል፤ የገበጣ ሕግ ከአካባቢ አካባቢ ስለሚለያይ ይህ ብቻውን የብዙ ዓመት ሥራ የሚወጣው ነው። መንግሥት በበኩሉ በደመወዝ የሚያስተዳድራቸው ቴአትር ቤቶች አሉት፤ ብሔራዊ፣ ሀገር ፍቅርና ሌሎችም፣ በውስጣቸው ተዋንያን፣ ሙዚቀኞችና ጸሐፊ ተውኔቶች ይሠራሉ። አንድ ወጣት ጌም ሠሪን የሚያስቸግረው ኮዱ አይደለም፤ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ታሪክ፣ ገጸ ባሕርይን የሚሸከም ድምፅና በክራር ወይም በዋሽንት የተቀዳ ሙዚቃ ማግኘት ነው፤ እነዚህ ሁሉ ደግሞ ደመወዛቸው በተከፈለ ባለሙያዎች እጅ አሉ። ቴአትር ቤቶቹ በዓመት ጥቂት ሳምንት ለተመረጡ ጌም ሠሪዎች ቢመድቡ ከቴአትሩ በጀት አንድ ብር ሳይነካ የሕዝብ ድጋፍ መስጠት ይቻላል። መጀመሪያ በጽሑፍ መቋጨት ያለበት ጉዳይ የባለቤትነት ነው፤ የእኔ ሐሳብ መብቱ የሠሪው ሆኖ፣ በሕዝብ ደመወዝ ድምፅና ሙዚቃ የተቀዳለት ጌም ለትምህርት ቤቶች በነጻ እንዲሰጥ ነው።